ያልነገርኩህ የሦስት ቀን መንገድ

…እና እጅህን ከኮርቻው ላይ መቼ እንዳነሳህ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለንደን ፊልድስ መናፈሻ ውስጥ ነን፣ እሑድ ጠዋት፣ ሣሩ እርጥብ። ከኋላዬ እየሮጥክ ታወራለህ፤ ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር ስትሠራ፣ ቢስክሌት ላይ ፍራሽ ተሸክመህ ስለወደቅክበት ቀን። ድምፅህ ራቀብኝ። ዞር ስል እኔም ወደቅኩ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ውሻውን ይዞ የቆመ አንድ ሽማግሌ አጨበጨበልኝ።

መኬ፣ የኔ ጌታ፣ ከተለየኸኝ አሥራ አንድ ወር ሆነ። እንደምን ከረምክ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ ስንቴ ተነስቼ ስንቴ እንደተቀመጥኩ አትጠይቀኝ።

የቤቱን ልንገርህ። ማሞቂያው ተቀየረ። ካውንስሉ፣ የሰፈሩ አስተዳደር፣ በመጨረሻ ሰው ላከ። አሁን አያንኳኳም፤ ዝም በማለቱ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ። ካፖርትህን ለማንም አልሰጠሁም። ሁለቱ ቢስክሌቶች ኮሪደሩ ላይ ናቸው፣ ጎማቸው ተንፍሷል። አንሱ የሚል ደብዳቤ ሁለት ጊዜ መጣ። አላነሳኋቸውም። አልነዳሁምም።

ወዳጅህ ጋሽ ተፈራ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው። ሙት ዓመትህ ሳይደርስ እንድንታረቅ ሚስቱ፣ እትዬ አስካለ፣ ስትለምነኝ ከረመች። እሺ አልኩ። ግን ይቅርታ መጠየቅ ያለበት እሱ ብቻ አይደለም። ይህን የማውቀው እኔ ነኝ። አሁን አንተም ልታውቅ ነው።

መንገዱን ያገኘኸው አንተ ነህ። ላይብረሪ ውስጥ አንድ መጽሔት አገላብጠህ ገጹን ፎቶኮፒ አድርገህ መጣህ። «ስንድዬ፣ ስፔን ውስጥ ባቡሩ የቀረበት መንገድ አለ። ሐዲዱን ነቅለው ለቢስክሌት ትተውታል። መኪና የለም። አንድም!» ባቡር ዳገት አይወድም፣ ስለዚህ ጉልበትሽ አይጎዳም ብለህ በእርሳስ ሥለህ አስረዳኸኝ። የሴቶች ቢስክሌት ቡድናችንን የምትመራውን ሞሪንን ባል ይፈቀዳል ወይ ብለህ ስትጠይቃት፣ ዕቃ ከተሸከመ ይፈቀዳል አለችህ። ሳምንቱን ሙሉ ራስህን አህያው እያልክ ዋልክ። ከዚያ ሺፍትህን የሚሸፍንልህ ልጅ ታመመ። ልቅር ብልህ ተቆጣህ። «ሂጂ። አይተሽ ትነግሪኛለሽ። እያንዳንዷን ድልድይ።»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ነግሬሃለሁ። ማታ ማታ፣ መንደሩ አደባባይ ላይ ካለው የስልክ ሳጥን። ድንጋዩ ደቃቅ ነው ወይስ ትልልቅ? ጣቢያዎቹ ጣሪያ አላቸው? እያልክ ትጠይቀኛለህ። ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተኝ ስልህ ሳቅህ ሳሎኑን ሲሞላው ይሰማኝ ነበር።

ሦስተኛውን ቀን አልሰማህም። ስማ።

ጠዋት ከብረት ድልድይ ጀመርን። ከታች ወንዙ ደርቋል፣ ነጭ ጠጠር ብቻ። ግራና ቀኙ ወይራ ነው፤ ኮረብታው በሙሉ እንደ ተበጠረ ፀጉር በመስመር የተተከለ ወይራ። መኪና የለም ማለት ምን እንደሆነ እዚያ ገባኝ። ሰፈራችን ሃክኒ ላይ ስነዳ ጀርባዬ ሁሉ ጆሮ ነው፤ አውቶቡስ ሲመጣ ትከሻዬ ይሰበሰባል። እዚያ ድልድይ ላይ ትከሻዬ ወረደ። መቼ እንደወረደ አላወቅኩም። ከጎማው ሥር የሚንኮሻኮሸው ጠጠርና የራሴ ትንፋሽ፣ ሌላ የለም። እጄን ከመሪው ላይ አነሳሁ መኬ። አንዱን እጅ ብቻ፣ ለአንድ አፍታ።

አንተ በዚያ ጠዋት ሥራ ልትሄድ አውቶቡስ ስትጠብቅ ወደቅክ። ሰዓቱን አሰላሁት። ማስላቱን ብተው ደስ ባለኝ።

ማታ ስደውል ጋሽ ተፈራ አነሳው። የኛን ቤት ስልክ።

«እታለም! እንዴት ነው ስፔን? በሬ ወጋሽ ወይስ ገና ነው?»

አንተን ስጠይቀው ተጨማሪ ሺፍት ገብቷል አለኝ። አንተስ እዚያ ምን ትሠራለህ አልኩት። ቧንቧው አፍስሶ ልጠግን ነው የመጣሁት አለ። ከኋላው ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ብዙ ወንበር። አንዲት ሴት ድምፅ አውጥታ ወዲያው አፏ ሲታፈን ሰማሁ። ቴሌቪዥን ነው አልኩ። ለራሴ ነው ያልኩት፤ እሱን አልጠየቅኩትም። ደህና እደር ብዬ ዘጋሁ።

ያቺን ሴት ሰምቻታለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

በአራተኛው ቀን ዋሻው መጣ። ረጅም ነው፣ መሐሉ ላይ ይታጠፋል፤ ስትገባበት መውጫው አይታይም። ቅዝቃዜው ከላብህ ጋር ሲገናኝ ትንቀጠቀጣለህ። ከጣሪያው ውኃ ይንጠባጠባል። ግድግዳው ላይ የባቡሩ ጥላሸት እስካሁን አለ፤ በጣቴ ነካሁልህ። ሞሪን ጮኸች፣ ዋሻው መለሰላት። ሌሎቹም የልጆቻቸውን ስም ተጣሩ። እኔ «መኬ!» አልኩ። ዋሻው ሦስት ጊዜ መለሰው። ወደዱት። አምስት ሴቶች ተባብረው «ማኬ! ማኬ!» እያሉ ባልተገራ አፋቸው ጠሩህ፤ እኔም አብሬያቸው እስኪያመኝ ሳቅሁ። አንተ የሆስፒታል ምድር ቤት፣ ሬሳ ክፍል ውስጥ ነበርክ።

ያን ማታ ዘግይቼ ደወልኩ። አሁንም ጋሽ ተፈራ ነው፤ ጉሮሮውን አሞት ተኝቷል አለኝ። ድምፁ ቀልድ አልነበረውም። ቀልድ የሌለው ተፈራ ማን ያውቃል? «ቀስቅሰው» ማለት ነበረብኝ። የስልክ ካርዴ ሊያልቅ ነው አልኩና ዘጋሁ። ካርዱ አላለቀም ነበር። የስልኩ መስኮት ላይ ቁጥሩ ይታየኛል፣ ለግማሽ ሰዓት የሚበቃ። ሳጥኑ ውስጥ ቆሜ ቁጥሩን አየሁት። ከዚያ ሴቶቹ ጋ ተመልሼ እራት በላሁ።

በአምስተኛው ቀን መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ሳትነዳው ይነዳሃል። የመጨረሻዋ ጣቢያ ቡና ቤት ሆናለች። ትኬት የሚሸጥባት መስኮት እንዳለች ነው፤ ቢራ ይሸጡባታል። ያን ቀን አልደወልኩም። ነገ እገባለሁ አልኩ። ቀኑን ሙሉ ቁልቁል ወረድኩ፣ ነፋሱ ፊቴ ላይ፣ እና ደስ አለኝ። ይኸው ነው። አንድ ነገር እንዳለ እያወቅኩ፣ ወይም ላለማወቅ እየሸሸሁ፣ ደስ አለኝ። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ለማወቅ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አልቻልኩም።

የቀረውን ሰምተህ ይሆናል። ኤርፖርት የተቀበለኝ ጋሽ ተፈራ ነው። የናንተ ቤት ቧንቧ እየተሠራ ነው ብሎ ስቶክዌል ወዳለው ቤቱ ወሰደኝ። አስካለ እራት አቀረበች። ዋሻውን አወራሁላቸው፣ እየሳቅኩ። እነሱም ሳቁ። አስካለ የሳቀች መስላ ወደ ማድቤት ገባችና ቆየች። ሊነጋጋ ሲል ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰዎች ክፍሉን ሞሉት። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ብቻዋን ባሕር ማዶ ላለች ሴት አይነገርም፣ ማታ አይነገርም። ሥርዓቱን አውቃለሁ። እኔም ለሌሎች ሰዎች እንዲሁ አድርጌያለሁ፤ ሊነጋ ሲል አልጋቸው ዳር ከቆሙት አንዷ ነበርኩ።

በአርባህ ቀን ግን፣ ቄሱ ባሉበት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ተነሳሁና «ውሸታም» አልኩት። ሦስት ቀን ሰረቅኸኝ አልኩት። ሬሳው ሳይቀበር እየሳቅኩ እንድዞር አደረግኸኝ አልኩት። ጋሽ ተፈራ፣ አንተን ከወደቅክበት ሄዶ የለየህ ሰው፣ ሳህኑን እንደያዘ ቆሞ ሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሲያየኝ በሌላ በኩል ይዞራል። ሰው ይፈርድልኛል፣ እጄን ይይዘኛል፣ እኔም ዝም እላለሁ። እየተፈረደልኝ አሥራ አንድ ወር።

አልረሳህም። ይህን እንደ ወጉ አይደለም የምለው። ኮረብታውን ከነወይራው እይዘዋለሁ፣ ድልድዩን፣ ጥላሸቱን፣ በአምስት ባዕድ አፍ የተጠራ ስምህን። ለሌላ ሰው ሳወራው ሳቄን አልቆርጥለትም። ደስ ያለኝም ያንተ ነው። ንገሪኝ ብለኸኝ ነበርና ነገርኩህ።

የበሩ ደወል ተደወለ።

አሁን እየጻፍኩልህ ያለሁት እሱ ተቀምጦ ሳለ ነው፤ ውኃ ላምጣ ብዬ ማድቤት ገብቻለሁ። ከስቷል። ክራቫት አስሯል። ገና ሳይቀመጥ ይቅርታ ሊለኝ ጎንበስ ሲል ክንዱን ያዝኩት፤ ጋሼ፣ አትጎንበስ፣ መጀመሪያ እኔ አልኩት። ወንበሮቹን ነገርኩት። ሴትዮዋን ነገርኩት። ካርዱንም። ሰምቼ ነበር፣ ላንተ መዋሸት ቀላል እንዲሆንልህ ያገዝኩህ እኔ ነኝ አልኩት። ወደ እኔ አላየም፤ ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን ያይ ነበር። «አስካለ ነበረች» አለኝ። «ያለቀሰችው። አፏን ያፈንኩት እኔ ነኝ።»

ውኃውን ልወስድለት ነው።

ይህን የምጨምርልህ ከሄደ በኋላ ነው። ስመለስ ባርኔጣውን አድርጎ ቆሞ ነበር። ብርጭቆውን ተቀበለኝ፣ ሳይቀመጥ ጠጣው፣ ባዶውን በሁለት እጁ መለሰልኝ። ሁለቱን ቢስክሌቶች አልፎ እስኪሄድ ኮቴውን አዳመጥኩ። የታችኛው በር ተዘጋ።