ጥላ ውስጥ የገቡት ጠርሙሶች

ድሬ ዳዋ፣ ግንቦት 1978

ማዘንጊያዬ፣

ሙቀቱ ጨርሶኛል፤ እጄን ስለሚያልበኝ የጽሕፈቴን መጥፎነት ቻይው። የምሠራው የፋብሪካው ቀይ የጨርቅ ማቅለሚያ በሚፈስበት አሸዋማ ወንዝ ዳር ነው። ያ ነጭ ዱቄት ትዝ ይልሻል? ብርሃን ሲያገኝ ቅንጣቱ ሁሉ እንደ ትንሽ ሞተር ተነስቶ ቀለሙን ይበላል ስልሽ የሳቅሽብኝ?

ዛሬ ጠዋት ቀዩን ውሃ በጠርሙስ ሞልቼ፣ ዱቄቱን ጨምሬ፣ ፀሐይ ላይ ደረደርኩት። በቀትር ድሬ ሁሉ ይተኛል፤ እኔንም ቤት ገብቼ እንቅልፍ ጣለኝ። ስመለስ ጠርሙሶቹ የሉም። ለካ እዚያው ሻይ የምትሸጠው የመጋላ ሰፈሯ ኪንሲ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ጥላ ውስጥ አስቀምጣልኛለች! ቀለሙ ፍንክች አላለም።

“አባዮ፣ እህቴ፣ በድሬ ፀሐይ ሸርባት ይተዋል እንዴ? ይፈላብሽ ነበርኮ!” አለችኝ፣ ቀዩን ጣፋጭ መጠጥ መስሏት።

እኛ ሰፈር ብርድ ስለሆነ ለእንግዳ ወንበር የሚወጣው ፀሐይ ላይ ነው፤ እዚህ የሚቸሩሽ ጥላ ነው። በምን አፌ ልቆጣ? ሸርባት ሳይሆን ከወንዙ የቀዳሁት ነው አልኳት።

“ታዲያ የኛ ውሃ ነዋ!” ብላ፣ የወንዙን አሸዋ ቆፍረው የሚያወጡትን ውሃ ከእንስራዋ በብርጭቆ ቀዳችልኝ። ወደ ብርሃን ባነሳው ቀላ ብሏል።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። የእትዬ በለጠችን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ለወንድምሽ ለክፍሉም ደህና ነች በይው። ነገ ጠርሙሶቹን መልሼ አወጣለሁ፣ አጠገባቸውም እቀመጣለሁ።

ውሃውን ጠጣሁት። ቀዝቃዛ ነበር።

የኔነሽ