የእታለም ፎልደር

ጎንደር፣ ፒያሳ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ላሳደግሽኝ አክስቴ፣ ለእታለም የትነበርሽ፤ ሳንጃ

እንደምን ከርመሻል? የቆላው ሙቀት ተሻለ? የሰሊጡ አጨዳስ አለቀልሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልኩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን ይህን ደብዳቤ ወደ እናንተ ለምትወርደው ለጓደኛዬ ለነጃት ሰጥቻታለሁ።

የላክሽብኝ ቃል ደርሶኛል። «ሠርግሽ ላይ ከእንግዶቹ ጋር እቀመጣለሁ፤ ያልወለደች በእናት ቦታ አትቀመጥም» ብለሻል። ተናድጄብሻለሁ። ግን መጀመሪያ የሆነውን ላጫውትሽ።

ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ እንደሌለ ታውቂያለሽ። የእናቴን ወገን የሚቆጥሩት አያ ዳኜ አርጅተዋልና እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ኮምፒውተሬ ላይ አስቀመጥኩት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ፎልደር፤ የልጆቹ ፎልደር በእሱ ውስጥ፣ የልጅ ልጆቹ ደግሞ በልጆቹ ውስጥ። ገና ልጅ ለሌለን ለእኛ ለታናናሾቹ ግን ፎልደር ሳይሆን ስማችን የተጻፈበት ፋይል ብቻ። ከዚያም መሥሪያ ቤት በምጽፍበት የኮምፒውተር ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት፣ አጭር ፕሮግራም ሠራሁ። ፕሮግራሙ ፎልደር ይከፍታል፤ ውስጡ ሌላ ካገኘ እሱንም ይከፍታል፤ ታች ድረስ ወርዶ ሲመለስ ዘሩን በሙሉ፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ እንዳለ፣ ያስረክበኛል። በስህተት የከፈትኳቸው ባዶ ፎልደሮች ስላስቸገሩኝ «ባዶ ከሆነ ዝለለው» የምትል መስመር ጨመርኩበት። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ!

ላፕቶፔን ይዤ አምባ ጊዮርጊስ ሄድኩና ለአያ ዳኜ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። የእናቴ ስም ላይ ስደርስ ቀና አሉ።

«ምነው የትነበርሽን ዘለልሻት?»

«ኧረ አልዘለልኩም አያ፣ አስገብቻታለሁ።»

«አልጠራሻትማ!»

እውነታቸውን ነው። ፎልደርሽ አለ፤ ልጅ ስለሌለበት ግን ፕሮግራሙ እንደ ቆሻሻ ጥሎሻል። እናቴ ስትሞት በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሽኝን፣ እኔን ላለመተው ትዳር እምቢ ያልሽውን፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነጠላሽን አልብሰሽ የሸኘሽኝን፣ አንቺን ነው የጣልኩሽ። ዛሬ ይህን ሥራ የምሠራው በማን ሆነና! እታለም፣ ሰው ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ፤ ባመሰግንሽ አይወጣልኝም።

መስመሯን እዚያው አጠፋሁ። ስምሽ መጣ፤ ግን ከሥሩ ማንም የለም። እሱን ማየት ደግሞ ባሰብኝ።

«አያ፣ እኔን እሷ ውስጥ ላስገባ?» አልኳቸው።

«የወለደችሽንስ ልትክጃት ነው?» አሉ ቆጣ ብለው። ወዲያው ለዘብ አሉና፣ «ምነው ሁለቱም ዘንድ ብትገቢ? እህትማማች ናቸው፤ ቆጠራው አይፋለስም። ሸጋ ነው፣ አድርጊው!»

አደረግሁት። ፕሮግራሙ መስከረም የሚባሉ ሁለት ሴቶች አሉ ብሎ ያምናል፤ ይመን።

እሑድ የእጮኛዬ የምንይችል ሽማግሌዎች መጡ። አያ ዳኜ በቃላቸው ቆጠሩ። እናቴ ላይ ሲደርሱ ስሜን ጠሩ፤ ቀጥለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የትነበርሽ፤ ልጇ መስከረም» አሉ። ጓዳ ሆኜ አለቀስኩ። ሽማግሌዎቹም «ዝምድና የለም፣ ይጋቡ» ብለው መርቀው ተነሡ።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ በሰላም ያምጣልኝ። የጥር መንገድ ደህና ነው ይላሉ፤ ነጃት አብራሽ ትመጣለች። እንግዲህ የሰው ፊት ካሳፈረሽ ይኼንንም እወቂው፦ ብትቀሪ «አክስቷ ቀረች» የሚል የለም። «እናቷ ቀረች» ነው የሚሉት።

ልጅሽ
መስከረም