ፂሞ ቆሞ ያዳመጠው ካሴት

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለዚያ ለጯሂው፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ጉሮሮህስ፣ ያ ሳል ለቀቀህ? እናታችንን ጉልበቷ ተሻላት ወይ? እኔ ለወጉ ያህል ደህና ነኝ ልበልህ እንጂ ደህና አይደለሁም። ስልክህን ብደውል ብደውል ዝግ ነው። ባትሪው ሞቶ ይሆናል፣ ወይም ያ ድራም መቺ ጓደኛህ እንደ ልማዱ ተውሶት ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳታልል ከረምኩ። ሲብስብኝ ወረቀት አነሣሁ።

ዘፈንህን ቀርጸህ ከላክልኝ ካሴት ጋር ያለውን ቃል አንብቤዋለሁ። "የምትሠሪለት ሰውዬ ጥሩ ነው ካለ ጎሚስታ ቤቱን ትቼ ወደ አንቺ እነሣለሁ፤ ድንበር የሚያሻግሩ ሰዎች አግኝቻለሁ" ብለሃል። ካነበብኩት ጀምሮ እህል አይወርድልኝም። በዚያ መንገድ የሄደ ሁሉ እንደማይደርስ አንተም ታውቃለህ፤ የልብስ ሰፊው ልጅ እስከ ዛሬ የት ገባ? ስለዚህ ካሴቱ ምን እንደተባለ ከመንገሬ በፊት የምሠራበትን ቤት ላሳይህ። ረጋ ብለህ አንብበኝ፣ እንደ ልማድህ እየዘለልክ አትለፍ።

የሙዚቃ ሸክላ ሱቅ ነው ብዬህ ነበር፤ ከላይ ያለችው ሱቅ ግን ምንም አይደለችም፣ ዋናው ምድር ቤቱ ነው። ደረጃውን ስትወርድ እርጥብ ካርቶን ይሸትሃል። ከወለል እስከ ጣራ መደርደሪያ ነው፣ መደርደሪያው ሁሉ ሄቪ ሜታል ሙዚቃ ነው፤ ያውም የድሮው፣ ደንበኛው፣ ሁለት ጊታር እኩል የሚሮጡበት፣ ዘፋኙ ጣራ የሚበሳበት፣ አንተ የምትሞትለት ዓይነት። ግን ግድግዳህ ላይ የለጠፍካቸው ዝነኞች እዚህ አይገኙም። ባለ ሱቁ፣ ፂሙ ደረቱ ላይ ስለሚደርስ ፂሞ ነው የምንለው፣ ከየአገሩ የሚሰበስበው ማንም የማያውቃቸውን ብቻ ነው። የኔ ሥራ አቧራቸውን በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፣ የተቀደደ ሽፋናቸውን ማጣበቅ፣ የሚላከውን ማሸግ ነው።

መጀመሪያ ጆሮዬን እደፍን ነበር። ቀን ሙሉ ሲጮህብኝ ግን ሳላስበው መለየት ጀመርኩ። ከአንድ የከሰል ማውጫ ከተማ የመጡ አሉ፤ ከሥራ ወጥተው ሳይታጠቡ የዘፈኑት ነው የሚመስለው። የአንዲት ትንሽ ደሴት ልጆች የሆኑ ወንድማማቾች አሉ፤ የድራም ምታቸው እንደ ፈረስ ይጋልባል። ቋንቋዋን ጨርሶ የማላውቅላት አንዲት ሴት ደግሞ አለች። እሷ ስትጮህ ጨርቄን እንደያዝኩ ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። ብታየኝ ዕድሜ ልክህን መሳቂያ ታደርገኝ ነበር።

አብዛኞቹ አንድ ሸክላ አውጥተዋል፣ ከዚያ ወዲያ የሉም። የት ገቡ ብዬ ስጠይቀው ፂሞ የሚያውቀውን ያህል ይነግረኛል፤ አንዱ ዳቦ ጋጋሪ ሆኗል፣ ያቺ ሴት ሞታለች፣ የቀሩት ወሬያቸውም የለ።

አንዱን ግን አውቀዋለሁ። በየሳምንቱ ካርቶን የሚያመጣልን ሾፌር አለ፣ ደረጃውን ወገቡን ይዞ የሚወርድ። አንድ ቀን ፂሞ ነፍሱ የሆነ ሸክላ ከፍቶ፣ እኔም አብሬ ሳንጎራጉር ሾፌሩ ገባ። ካርቶኑን አስቀመጠና "አጥፉት" አለ። ፂሞ ወዲያው አጠፋው። በኋላ ሽፋኑን አገላብጬ ሳይ፣ ፎቶው ላይ ካሉት የባንዱ ልጆች መሀል ፀጉሩ ወገቡ ድረስ የወረደው ራሱ ሾፌሩ ነው። ሌላ ቀን እንደነገረኝ እሱም "እዚያ ከደረስኩ የሚሰማኝ አላጣም" ብሎ ነው ከአገሩ የወጣው። ከባንዱ ልጆች ጋር አብረው ተነሥተው የደረሰው እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ምን እንደሆኑ አልነገረኝም፣ እኔም ጨክኜ አልጠየቅኩትም።

አሁን ወደ ካሴትህ ልምጣ። ፂሞ አዲስ ነገር ሲያዳምጥ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚጀምረው። ካልጣመው ቁጭ ይልና ሻዩን ይጠጣል። ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ ይቀመጣል። የአንተን ሲከፍተው እኔ በልቤ "ተቀመጥ፣ ባክህ ተቀመጥ" እለው ነበር። የገዛ ወንድሜ እንዲናቅልኝ ስለት ልሳል ምንም አልቀረኝ። አልተቀመጠም። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ፣ ካሴቱ እስኪያልቅ ቆመ። ከዚያ "ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው" አለ። ወደ መደርደሪያዎቹ ዞር ብሎ "እነዚህም ሁሉ በጣም ጥሩ ናቸው" አለና ካሴትህን ከነሱ መሀል ሸጎጠው። በቃ ይኸው ነው።

ለሾፌሩ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ "ተነሥቷል?" ብሎ ነው። ገና ነው መሰለኝ አልኩት። "እንግዲያው መጥፎ ነው ብለሽ ጻፊለት" አለኝ። ልጽፍ ሞክሬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ጥሩ ነው ወንድሜ። ድምፅህ ሲወጣ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ግን አትምጣ። ጥሩ ስለሆንክ የሚከፈትልህ በር እዚህ የለም፤ ያለሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ አቧራ ጠራጊ ነኝ። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ "ጥሩ ነው" የምትለዋን ብቻ ለቅመህ እንደምትይዝ ስለማውቅ ተስፋ ቆርጫለሁ። ቢሆንም እለምንሃለሁ፣ እዚያው ሁን፣ ለሰፈሩም ቢሆን ጩህ።

ታናሿን እህታችንን ጉንጯን ሳምልኝ፣ ትምህርቷን እንዳትተው ንገራት። አጎታችንን ጤና ይስጥልኝ ብላለች በልልኝ፣ ከአልጋ ተነሥቶ ፀሐይ መሞቅ ከጀመረ ደስታዬ ነው። ድራም መቺውን ስልክህን ይመልስ በለው። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ።

እማዬ፣ ፖስታውን የቀደድሽው አንቺ ከሆንሽ ግን፣ መልሴን ሳይጠብቅ ወጥቷል ማለት ነው። በየት በኩል፣ ከማን ጋር እንደሄደ ጓደኞቹን ጠይቂና ቶሎ ላኪብኝ። ድምፁ እዚህ እኔ ዘንድ አለ፤ እሱ የት እንዳለ ግን አላውቅም።

ልጅሽ፣ እህትህ
ከምሠራበት ምድር ቤት
ሰኔ 9 ቀን