ያልተላከው የወይዘሮ አርዲስ ደብዳቤ

የምወድሽ ልጄ ማረን፣ እግዚአብሔር እዚያ ሴኡል ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ እንቅልፍሽንም ያጣፍጥልሽ። እኛ ደህና ነን። ኔብራስካ ዘንድሮ በረዶው አልቀለጠም፤ አባትሽም ኮፍያ አላደርግም እንዳለ ነው።

እኔ ግን ሰሞኑን ጉድ ልሆን ነበር። ሰው ሲያረጅ የአስታማሚ ወጪውን የሚሸፍነውን ኢንሹራንስ የምንሸጥ ሁሉ በየሁለት ዓመቱ የግድ እንሠለጥን የለ? ማክሰኞ እያጉረመረምኩ ሄድኩ። አሠልጣኟ፣ "አሮጌ ውል አስጥላችሁ አዲስ ስትሸጡ፣ የቆየ በሽታ ለወራት ላይሸፈን ይችላል" ስትል ክው አልኩ። ድሮ የተማርኩት ነው፤ ረስቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጎረቤታችንን ወይዘሮ አርዲስን፣ ያ እጃቸውን የሚያንቀጠቅጥ የቆየ በሽታ እያለባቸው፣ አዲስ ልሸጥላቸው ብዬ የድሮ ውላቸውን የሚያፈርስ ደብዳቤ አስፈርሜያቸዋለሁ!

ለምሳ ስንወጣ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ነዳሁ።

"ደብዳቤውን ላኩት?" አልኳቸው ገና በር ላይ ቆሜ።

"በዚህ በረዶ ፖስታ ቤት ልሂድልሽ? ያው ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ" አሉኝ።

እዚያው ቀደድኩት። ጥፋቴን ስነግራቸው ሳቁብኝ። "በይ ተመልሰሽ ግቢና ተማሪ፣ አንቺ ሰነፍ!" ብለው አባረሩኝ። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አይዞሽ፣ የደስታ ነው። ከሰዓት በኋላ ፊት ወንበር ላይ ሆኜ አንድም ቃል ሳላሳልፍ ጻፍኩ።

ልጄ፣ አንቺም እዚያ ሳይገባሽ አትፈርሚ፤ መጠየቅ አያሳፍርም። ጌታ መውጫ መግቢያሽን ይባርክልኝ። እሁድ ደውዪልኝ፣ ድምፅሽን ልስማው።

እናትሽ ላቮን