የሻሼ ንጣት

እሑድ

ጥንቸሏ ሻሼ ዛሬም አልበላችም። እማማ ይታይሽ ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። «ኦሪቴ፣ ሆዷ ተነፍቷል፤ ነይ እስቲ እያት» አሉኝ።

ገብቼ አየኋት። በጠጧ እንደ ሌሎቹ ጥንቸሎቼ ደረቅና ክብ አይደለም። ትልልቅ፣ ለስላሳ፣ ንፍጥ የለበሰ ነው። አንድ ጥግ ተኮራምታ ተቀምጣለች።

ሻሼን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ባለቤታቸው አባባ ካሳ አምና ከሞቱ ወዲህ ቤቱ ጭር አለባቸው። ጥንቸሌ አራት ስትወልድ አንዱ ጥቁር፣ ሁለቱ እንደ ወላጆቻቸው ቡራቡሬ፣ አንዷ ነጭ ሆነች። ጆሮዋ ብቻ ጥቁር፣ ዓይኗ ዙሪያ ኩል የተኳለች የምትመስል። ከሁሉም ያማረችውን መርጬ ወሰድኩላቸው። ሻሼ ብለው ስም አወጡላት።

ሰኞ

ከሥራ ቀረሁ። የእንስሳት ሐኪሟ ሆዷን ዳበሰችና ወላጆቿ ምን ዓይነት እንደሆኑ ጠየቀችኝ። «ሁለቱም ንጹሕ ዘር ናቸው። ሁለቱም ቡራቡሬ» አልኳት፤ ትንሽም ኮራ ብዬ። ፊቷ ተለወጠ።

እንዲህ ነው ነገሩ። የቡራቡሬን ዘር ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰች ጥንቸል ቡራቡሬ ትሆናለች፤ ምንም አትሆንም። ከሁለቱም የወረሰች ግን ነጭ ልትሆን ምንም አይቀራት፤ አንጀቷም ብዙ ጊዜ ይሰንፋል። ያነጣት ነገር ነው ያሳመማት። መዳኛ የለውም። ድርቆሽ፣ ውሃ፣ መድኃኒት፣ ሆዷን ማሸት። ከዚያ ማየት ነው።

ወላጆቿን የሸጠልኝ ሰውዬ ነግሮኝ ነበር እኮ። «ሁለት ቡራቡሬ አታገናኚ፤ ነጭ ይወጣና ይታመማል፤ ሙሉ ጥቁር ወንድ ላምጣልሽ» ብሎኝ ነበር። ሌላ ጥንቸል ሊሸጥልኝ ነው ብዬ ሳቅሁበት። ነጭ ፈልጌ ነበር። ፎቶዋን ዋትሳፕ ላይ ስለጥፍ ምን ያህል ልብ ተላከልኝ!

ማክሰኞ

ብርድ መትቷት ነው ልላቸው አስቤ ነበር። አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። እማማ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«ተነግሮኝ ነበር፣ እማማ። አላመንኩም።»

መሐረባቸውን ጨምደድ አደረጉት። «ካሳም እንዲህ ነበር የጀመረው። በሆዱ። መብላት አቆመ፣ ከዚያ ተነፋ።»

ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። በምን እንደሞቱ አውቅ ነበር። ትናንት ግን ትዝ እንኳ አላለኝም።

«ውሰጂልኝ» አሉ። «ሁለተኛ አላስታምም። አቅም የለኝም፣ ልጄ።» ድርቆሹን በፌስታል አድርገው ሰጡኝ፤ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ

ወንዱን፣ የሻሼን አባት፣ ለብቻው አደረግሁት። ለማስኮላሸት ቀጠሮ ይዣለሁ። ዘግይቶም ቢሆን።

መድኃኒቱን በሲሪንጅ ስሰጣት ነከሰችኝ። ደስ አለኝ፤ ጉልበት አላት ማለት ነው። ግን አልበላችም። እህቶቿ አጠገቧ ድርቆሽ ያላምጣሉ። አሁንም ከሁሉም ቆንጆዋ እሷ ናት። እሷን ባየሁ ቁጥር በራሴ እናደዳለሁ።

ሐሙስ

የድንብላል ቅጠል በላች! ሁለት ዘለላ። ሆዷም ላላ ብሏል።

ልነግራቸው ወረድኩ። ቴሌቪዥናቸው ይሰማል። እጄን ላንኳኳ አንስቼ ተውኩት። ነገ ብትሞትስ? ዛሬ ተስፋ ሰጥቼ ነገ ምን ልላቸው ነው? ተመልሼ ወጣሁ።

ዓርብ

ጠዋት ድርቆሽም ጀመረች። ሐኪሟ ደውላ «ጥሩ ነው፤ ግን ይመለስባታል፣ ተዘጋጂ» አለችኝ።

ማታ የቅዳሜ ሰንበት ሊገባ ሲል ስልኬ ጠራ። እማማ ናቸው። ሰላም እንኳ ሳይሉ፣

«በላች?»

«ትንሽ በላች፣ እማማ።»

ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«ሆዷን ስታሺ እጅሽን አሙቂው። ቀዝቃዛ እጅ አይሆንም።»

«እሺ። እማማ፣ እኔ…»

«ተይው አሁን» ብለው ዘጉት።

እጄን በሙቅ ውሃ ታጥቤ አሸኋት። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አላውቅም። ልምጣ አላሉም። አልመጣምም አላሉም።