በቀይ ብዕር የታረመ እስትንፋስ

ከፊደል አንዲቱን ሳይውጡ፣ ከቃል አንዱን ሳይዘሉ፣ የደራሲውን ሐሳብ እስከ አፉ እንደ ሞላ ብርጭቆ ጠብታ ሳያፈሱ ከዓይንዎ ወደ ጆሮዬ ያሻግሩልኝ ለነበሩት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በማተሚያ ቤቱ የእርማት ክፍል፣ በአንዲት ጠባብ ጠረጴዛ ፊት ለፊቴ ለተቀመጡት፣ ለተከበሩ ባልደረባዬና አንባቢዬ፤

ለመሆኑ እንዴት ሰንብተዋል? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ ብርድ በገባ ቁጥር ይከዳዎ የነበረው ያ ጉሮሮዎ እንዴት ነው? የባለቤትዎን ዕረፍት ከሰማሁ ሁለት ዓመት አልፎ ሳለ ለማጽናናት ሳልመጣ የቀረሁት ሳላዝን ቀርቼ ሳይሆን፣ ምን ብዬ እንደምገባ ሳሰላስል ጊዜው ቀድሞኝ ስለ ሄደ ነውና ይቅርታዎን እለምናለሁ። አድራሻዎን የሰጠኝ የቀድሞው የጥረዛ ክፍል ሹም ነው፤ ከእኔ ቤት አራት ፌርማታ ብቻ ርቀው መኖርዎን ሲነግረኝ፣ አራት ፌርማታ፣ ከተለያየንበት ቀን አንሥቶ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል ያን ቀን ተረዳሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ ማለቴም ለሰላምታ ወግ አይደለም፣ ከአራት ወር ወዲህ እውነት ሆኖልኝ ነው እንጂ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሆዴ ነው። በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ስለ ሆዱ ማውራት ሲጀምር ወጣቶች ሰዓታቸውን ያያሉ፤ እርስዎ ግን ስንቱን አሰልቺ ረቂቅ እስከ መጨረሻው ያነበቡ ነዎትና ይታገሡኛል። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ፣ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው፣ ምሳዬን ብቻዬን፣ በግራ እጄ ጋዜጣ በቀኝ እጄ ማንኪያ ይዤ፣ በሰባት ደቂቃ እጨርስ ነበር። የበላሁትም እንደ ድንጋይ ተቀምጦ እስከ ማታ ንቅንቅ አይልም፤ ሆዴ ይነፋል፣ ያገሳኛል፣ ቀበቶዬንም ሁለት ቀዳዳ አላላሁ፤ ቆይቶ ምግብ መፍራት ስጀምር ደግሞ ያንኑ ቀበቶ አራት ቀዳዳ አጠበቅሁ። አስተማሪዋ ልጄ አንድ ቀን ከጎኔ ቁጭ ብላ ስበላ ታዘበችኝና፣ «አባዬ፣ አንተ እኮ አትበላም፣ ገጽ ነው የምታገላብጠው» ብላ ክንዴን ይዛ ወደ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። በልቤ የፈራሁትን ለእርሷም አልነገርኳትም፤ ያ ቀልደኛው ፊደል ለቃሚያችን የሄደው እንዲሁ «ሆዴን ትንሽ» እያለ አልነበር?

ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት። ደሜን አስመርምራ፣ ጨጓራዬን በካሜራ አይታ፣ የምውጣቸውን መድኃኒቶች አንድ በአንድ አስዘርዝራ፣ ክፉ ነገር አለመኖሩን ካረጋገጠች በኋላ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋችና፣ «አባባ፣ ቬገስ የሚባል አንድ ረጅም ነርቭ አለ፤ ከአንጎል ሥር ተነሥቶ፣ በአንገት ወርዶ፣ ልብንና ሳንባን እየዳሰሰ እስከ ጨጓራና አንጀት ይዘልቃል፤ ጨጓራን ፍጭ፣ አንጀትን ግፋ የሚለው እርሱ ነው፤ ወደ ታች ከሚያወርደው ትእዛዝ ይልቅ ግን ከሆድ ወደ ላይ የሚያደርሰው ወሬ ይበልጣል፤ ዕድሜ ሲገፋ ይዳከማል፣ ሰው ሲቸኩልና ሲጨነቅ ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላል» ብላ አስረዳችኝ። እኔም አፌን ከፍቼ እየሰማሁ፣ ሆዴ ባባ፣ አንጀቴ ራሰ እያልን የኖርነው ለካ በከንቱ አልነበረም ስል ተደነቅሁ።

ስሰናበታት አንዲት ወረቀት ሰጠችኝ። ከምግብ በፊት ለአምስት ደቂቃ ቀና ብሎ ተቀምጦ አየርን አራት እስኪቆጥሩ መሳብ፣ ስድስት እስኪቆጥሩ ማስወጣት፤ ጥቂት ጥቂት መብላት፤ በየጉርሻው መካከል ማንኪያውን አስቀምጦ ደኅና አድርጎ ማኘክ፤ ከምግብ በኋላ መጋደም ሳይሆን በእግር መንሸራሸር፤ ቀን ቀን ማንጎራጎር። ይህ ሁሉን የሚፈውስ ተአምር አለመሆኑን፣ ሕመም ቢጠናብኝ ወይም ዳግም ብከሳ ሳልውል ሳላድር እንድመጣም አጥብቃ ነገረችኝ።

እንግዲህ የእርስዎ አራሚ ምን እንዳደረገ ይስሙ። ቤቴ ገብቼ፣ መነጽሬን ሰክቼ፣ ወረቀቷን ሳነብ፣ አራት የሳበ ሳንባ ስድስት ከየት አምጥቶ ያስወጣል፤ ይህ የለቃሚ ስሕተት ነው ስል ፈረድሁ። ቀይ ብዕሬን አነሣሁ፤ አራቱን በስድስት፣ ስድስቱን በአራት ተካሁ፤ በኅዳጉም ላይ እንደ ልማዴ ፈረምሁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየማዕዱ ፊት አየር እንደ ወናፍ እየሳብሁና እየቆጠብሁ ራሴ ዞረ፣ ልቤ ደለቀ፣ ሆዴም ከቀድሞው ባሰ።

በቀጠሮዬ ቀን ሐኪሟ ወረቀቷን ተቀብላ ቀይ ቀለሙን ስታይ መነጽሯን አውልቃ እስክታነባ ድረስ ሳቀች፤ «እንኳን የቀዶ ጥገና መጽሐፍ አላዋስኩዎት!» አለችኝ። ቀጥላም አየር ሲሳብ ልብ እንደሚፈጥን፣ ቀስ ብሎ ሲወጣ ግን ነርቩ እንደሚያረጋው፣ ስለዚህ የሚረዝመው የሚወጣው መሆኑን አስረዳችኝና፣ በልጅነት ድፍረቷ፣ «ቁጥሩ ልክ ነበር እኮ፤ አባባ፣ ያልገባዎትን ሁሉ ስሕተት ነው ይላሉ እንዴ?» ስትል ጨመረች። ደግሞም ግድግዳዋ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሳነብ አይታኝ ኖሮ፣ ሳነብ ትንፋሼን እንደምይዝ ነገረችኝ። እውነቷን ነው። እርስዎ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲጀምሩ እኔ ትንፋሼን ይዤ፣ አራት ነጥቡ ላይ ሲደርሱ ነበር የምተነፍሰው፤ ስንት ዓመት ሙሉ በእርስዎ ድምፅ ልክ እንደተነፈስሁ ያን ቀን ቆጠርሁት።

ከዚያ ወዲህ እንደ ተጻፈው አደርጋለሁ። ማንኪያዬን አስቀምጣለሁ፤ ሾርባዬ ቢበርድም አልቸኩልም፤ ከምሳ በኋላም ዛሬ የሶፋ መሸጫ እስከሆነው ማተሚያ ቤታችን ድረስ በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ። አንጎራጉር ስባል ከዘፈን ሁሉ የመጣልኝ እርስዎ ገጽ ሲገልጡ በአፍንጫዎ ያሰሟት የነበረችው ያቺ ስም የለሽ ዜማ ናት፤ ከቤቴ ሥር የሚሠራው ልብስ ሰፊ፣ «ጋሼ፣ ንብ ማነብ ጀመሩ ወይ? ማሩን እንዳይረሱን!» እያለ ያሾፍብኛል። ቀበቶዬ ወደ ጥንት ቀዳዳው ተመልሷል፤ ሌሊቱንም ሳልገላበጥ አድራለሁ።

ባለፈው ቀጠሮ ግን ሐኪሟ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ምሳ ከማን ጋር እንደምበላ። ከጋዜጣ ጋር አልኳት። «ጋዜጣ አያጫውትም፤ ሰው ሲጫወት ማንኪያው በራሱ ይዘገያል፣ ሆድም ይፈታል» አለችኝ። ያ ጥያቄ ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ ቀድሞ በሰው እጅ ጽሕፈት አንብቤው ነበርና።

ከማተሚያ ቤቱ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ሊዛወሩ አንድ ሳምንት ሲቀርዎት፣ ከዕለቱ ረቂቆች በላይ አንዲት ነጠላ ወረቀት ያኖሩልኝን ያስታውሳሉ? እኔ የሥራ መስላኝ ቀይ ብዕር አነሣሁ። «አንተ» ያሉትን «እርስዎ» አደረግሁ፤ ሁለት መስመር ከመጠን በላይ ነው ብዬ ሰረዝሁ፤ የመጨረሻይቱን መስመር፣ «ከእንግዲህ ምሳህን ብቻህን ባትበላስ?» የምትለውን ደግሞ፣ በኅዳጓ «ሐሳቡ አልተሟላም፣ ይብራራ» ብዬ ጽፌባት መለስሁልዎት። እርስዎ አነበቡ፤ «እሺ፣ ይብራራል» አሉ፤ አራት አጥፈው በቦርሳዎ ከተቱ። እኔ ከንቱ ንጹሕ ቅጂው እስኪመጣ ሁለት ቀን ጠበቅሁ፤ በሦስተኛው ቀን፣ ሳምንቱ ሳይሞላ፣ ወንበርዎ ባዶ ነበር።

ሁለታችንም ከዚያ በኋላ በየፊናችን መልካም ኖረናል፤ ባለቤቴን አክብሬና ወድጄ ኖሬአለሁ፣ ነፍሷን ይማርልኝ፤ ይህንም የምጽፈው ያለፈውን ለመክሰስ አይደለም። ቀይ ብዕሬን የተማሪዎቿን ፈተና ታርምበት ዘንድ ለልጄ ሰጥቻታለሁ። ይህችንም ደብዳቤ መልሼ አላነበብኋትም፤ ስሕተት ቢያገኙባት እንዳለች ይተዉልኝ። እግሯ ይነቃነቅ የነበረችውን የምግብ ጠረጴዛዬን ሁለተኛ ወንበር ግን አናጢ ጠግኗት፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ብርሃን ከሚገባበት ጎን አኑሬአታለሁ።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ጉሮሮዎን ከብርድ፣ እግርዎን ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ፤ የበሉት ይስማማዎ፣ የተኙት እንቅልፍ ይጣፍጥዎ፤ የልጅ ልጆችዎን ወግ ማዕረግ ያሳይዎ።

አራሚዎ ነኝ።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ተኩል ለምሳ ቤቴ ነይ።