ሁለተኛ ያልጠየቅኩህ ሻይ

ግርምዬ፣ የቤቴ ጌታ፤

ከተለየኸኝ ይኸው ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል። ልጅህ ሜሮን ዳቦውን ራሷ ተሸክማ ቤተ ክርስቲያን ገባች፤ ብታያት በኮራህ ነበር። ፒዮሪያ ጎዳና ላይ ያለው አፓርታማችን እንዳለ ነው፤ ያቺ ስትታገላት የኖርካት የኪችን ቧንቧ ብቻ ተሠርታለች። እኔ ደግሞ ሥራ ቀይሬያለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። በመጨረሻው ቀን፣ ሆስፒታል ሆነህ፣ ከሰዓት በኋላ ሻይ ላምጣልህ ወይ ስልህ “ይቅርብኝ” አልከኝ። እኔም አልደገምኩልህም። አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅኩህ! እንግዳ ይቅርብኝ ሲል “በሞቴ፣ አፈር ስሆን” እያልኩ ያደግኩ ሴት፣ እዚያ ክፍል ውስጥ “በሞቴ” የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። ፈራሁት። አንተም ጀምበር ሳትጠልቅ ሄድክ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሲበላኝ ይኖራል፤ ምርህን ነበር ወይስ እንድለምንህ እየጠበቅክ ነበር? ጠምቶህ ሄደህ እንደሆነስ?

አሁን እዚሁ ዴንቨር ጥግ፣ ሴንቴኒያል ውስጥ አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት እረዳለሁ። ሚስ ጁዲት ይባላሉ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ እሳቸውም ባላቸውን ቀብረዋል። እግራቸው ደከመ እንጂ አእምሯቸው ከኔ ይሻላል። አንተ ብታገኛቸው በጥያቄ ታደክማቸው ነበር፤ ኤርፖርት የምታደርሰውን ተሳፋሪ ሁሉ አገራችሁ ምን ይበላል፣ ምን ይጠጣል እያልክ እንዳላስጨነቅክ!

ልክ በአሥር ሰዓት ሻይ ነው። ስልክ ይጩህ፣ ዶክተር ይምጣ፣ ሻይ ነው። መጀመሪያ በራዱን በፈላ ውሃ አሙቀው ውሃውን ይደፉታል። ቅጠሉ ከገባ በኋላ ደግሞ ለበራዱ ሹራብ ያለብሱታል! እውነቴን ነው፤ በእጅ የተሠራች፣ ለእጀታውና ለአፉ ቀዳዳ የተተወላት ሹራብ። ወተት የሚገባው ከሻዩ በኋላ ነው። ሟች እህታቸው ወተቱን ታስቀድም ስለነበር በዚህ ዕድሜ ልካቸውን ሲከራከሩ ኖረዋል። ብስኩት ሻይ ውስጥ መንከር ለብቻ ሲሆን ይፈቀዳል፣ እንግዳ ፊት ነውር ነው። ደግሞ የዴንቨርን ውሃ ሲያሙ! ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃው በወጉ ሳይግል ይፈላል፣ ስለዚህ ሻዩ መቼም እንዳገራቸው አይሆንላቸውም። አንተ ይህን ብትሰማ በማግስቱ ቴርሞሜትር ገዝተህ ትለካው ነበር፤ እንዴት ናፈቅከኝ!

የመጀመሪያው ቀን ሻይ ትጠጫለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። መቼም ወግ አለኝና አይ፣ ይቅርብኝ አልኩ። ሁለተኛውን እየጠበቅኩ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። እሺ ብለው ለራሳቸው ቀድተው መጠጣት ጀመሩ። ወይ ጉድ! በማግስቱም አልጠየቁኝም፣ በሳምንቱም አልጠየቁኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሃ እጥዳለሁ፣ ሽታውን እሸታለሁ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ እቀመጣለሁ። እንዲህ ያለ ስስት አይቼ አላውቅም ብዬ ለሜሮን ነገርኳት። ልጅህ ሆዷን ይዛ ሳቀችብኝ። ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ማሚ ኖ ብለሻቸዋል እኮ፣ ምን ያድርጉ አለችኝ።

ነገሩን ለማወቅ ጓጓሁና በማግስቱ ራሳቸውን ጠየቅኳቸው። ሚስ ጁዲት ደነገጡ። ለካ ሻይ የማልወድ መስሏቸው ኖሯል። እነሱ ዘንድ አልፈልግም ያለን ሰው ደግሞ ደጋግሞ መወትወት ቃሉን አለማመን ነው፤ ንቀት ነው። እኔም የኛን ነገርኳቸው። በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ማለት እንዴት እንደሚያሳፍር፣ ጋባዡ በገዛ ሞቱ ምሎ እንደሚለምን። ኩባያቸውን አስቀምጠው አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። ከዚያ፣ ታዲያ እናንተ አገር ሰው የምሩን እንቢ ሲል በምን ይታወቃል አሉኝ።

ግርምዬ፣ ስለዚያ ቀን ነገርኳቸው። ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር፤ ለሜሮንም። አለቀስኩ።

አይዞሽ እንኳን አላሉኝም። ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡና ውሃ ጣዱ። እነሱ ዘንድ ሰው ሲከፋው እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ቃል ሲያጡ ሻይ ያፈላሉ። ባላቸው የሞቱ ቀን ጎረቤታቸው ሳትናገር ስትቀዳላቸው ዋለች አሉ። ለኔ እየቀዱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ባልሽ ቤታችሁ ውስጥ ሻይ ስታቀርቢለት ስንት ጊዜ እንቢ ይልሽ ነበር?

አሰብኩት። ሰው ቤትማ ይሉኝታ ሊገድልህ ነበር፤ አራት ጊዜ ካልተለመንክ ብርጭቆ አትነካም። እኔ ዘንድስ? ሃያ ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ይሉኝታ ይዞህ አያውቅም። ሳልጠይቅህ ብርጭቆህን ትዘረጋልኛለህ። ካላሰኘህ ደግሞ ይሄ ቲ ባግ ወረቀት ወረቀት ይላል፣ ውሰጂልኝ ብለህ እቅጩን ትነግረኛለህ። ለኔ እንግዳ ሆነህ አታውቅም። እንድለምንህ ልትጠብቅ ምን በወጣህ!

ያኔ ነው የረሳሁት ትዝ ያለኝ። የሆስፒታሉ ካፌ ምድር ቤት ስለነበር ሻዩን ላመጣልህ ቦርሳዬን አንስቼ ቆሜ ነበር። አንተም ይቅርብኝ ብለህ አላቆምክም፤ “ይቅርብኝ፣ ተቀመጪ” ነው ያልከኝ። የመጀመሪያዋን ቃል ይዤ ዓመት ሙሉ ስቃጠል፣ ሁለተኛዋን ጥያት ኖሬያለሁ። የፈለግከውን ነግረኸኝ ነበር።

ቃሌን ልስጥህ፤ ከእንግዲህ ያን ቀን ሳስታውስ ባላመጣሁልህ ሻይ አላስታውሰውም። ቦርሳዬን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ፣ አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ እጅህን ያዝኩ። እስክትሄድ ድረስ አልተነሣሁም።

አልማዝህ